የጋራ ላብራቶሪ ነደፍኩ፤ ቁልፉ ግን አንድ ሰው ኪስ ገባ

ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ግብርና አብረው የሚመራመሩበት ሕንፃ ንደፉ ከተባላችሁ፣ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ፈልጋችሁ ሻይ ጋብዙት። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ንድፉ አላስቸገረኝም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሕንፃ፣ ክላርክ ሴንተር፣ መተላለፊያውን ወደ ውጭ በረንዳ ያወጣ፣ ጠረጴዛዎቹም በጎማ የሚገፉ ናቸው። ለደጋ አየራችን የሚስማማ ስለሆነ ወሰድኩት። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቶማስ አለን ደግሞ የሁለት ባለሙያዎች መቀመጫ በ50 ሜትር ከተራራቀ ስለ ሥራ መነጋገራቸው እጅግ እንደሚቀንስ ካሳየ ቆይቷል። ስለዚህ ሦስቱንም የትምህርት ክፍሎች በአንድ ወለል አደረግኩ፤ መሀል ላይ በመስታወት የተከለለ፣ ከየአቅጣጫው በር ያለው የጋራ መሣሪያ ክፍል። ፊዩም ሁዱ (የኬሚካል ጭስና ትነት ወደ ውጭ የሚስበው ሳጥን)፣ ፍሳሹ፣ ጄኔሬተሩ በሰላም አለቀ።

ጉዱ የፈላው ከርክክቡ በኋላ ነው። የመንግሥት ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣው ሞዴል 22 በሚባለው የወጪ ቅጽ፣ በአንድ ሰው ፊርማ ነው። ቢጠፋ የሚጠየቀውም ያው ፈራሚ ነው። ማይክሮስኮፑን አንዱ ፈረመ፣ ሴንትሪፊዩጁን ሌላው፤ እያንዳንዱም ዕቃውን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ሊነቀል በማይችለው መሣሪያ ላይ የፈረመው መምህር ሁለቱን በሮች አሽጎ ሦስተኛው ላይ ጓጉንቸር አንጠለጠለበት። መስታወቱም በጋዜጣ ተሸፈነ። በመምህሩ አልፈርድም፤ ዕድሜ ልኩን ደመወዙ ቢቆረጥ የማይከፍለው ዕቃ ነው። ያቃጠለኝ ንብረት ክፍሉ ነው። «ኮሚቴ ይፈርም» ብላቸው «ኮሚቴ አይታሰርም» አሉኝ። ዲኑ ወደ ንብረት ይመሩኛል፣ ንብረት ወደ ፋይናንስ፣ ፋይናንስ መልሶ ወደ ዲኑ።

የፈታው ነገር ቀላል ነበር፦ ከሦስቱም የትምህርት ክፍሎች ያልሆነ፣ ተጠሪነቱ ለምርምር ጽሕፈት ቤቱ የሆነ ቴክኒሻን ሁሉንም ፈርሞ ተረከበ፤ ተጠቃሚው በመዝገብ ተራ ይይዛል። አሁን ማንኛውንም የምርምር ሕንፃ ስጀምር ቀድሜ የምሥለው የዚህን ሰው ወንበር ነው፣ ሁሉም በሮች በሚታዩበት ቦታ።

ሌላው ጠብ የቡናው በረንዳ ነበር። ገምጋሚዎቹ «የባከነ ወለል» ብለው ሊሰርዙት ሲሉ አሻፈረኝ አልኩ። ላብራቶሪ ውስጥ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው፤ ስለዚህ ኬሚስቱም የሰብል ተመራማሪውም የግድ እዚያ ይወጣሉ። ገንዘብ ካነሰ የስብሰባ አዳራሹን ቁረጡ፤ ጀበናው የሚቀመጥበትን ግን አታስነኩ፣ መመሪያው ምንም ቢል።