ምንባብ የገባው ልጅ ጥያቄው ላይ ለምን ይስታል?

እዚህ ባሕር ዳር የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሚያስጠና ሰው ይህን ደጋግሞ ያየዋል፤ ልጁ ምንባቡን አቀላጥፎ ያነባል፣ ጥያቄው ላይ ግን ይስታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከምንባቡ ሳይሆን ከራሱ እውቀት መመለሱ ነው። ስለ ታንኳ የተጻፈ አንቀጽ ሲሰጠው፣ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ጣና ሐይቅ ዳር እያየ ስላደገ፣ ያልተጻፈውን ጨምሮ ይመርጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መልስ ማስረጃ የሚሆነውን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ያስምር። የሚያሰምርበት ካጣ መልሱን እንደገና ይፈልግ።

ይህን እንይ፦ «ጣና ገና አልነቃም ነበር። ማዕበሉ ድንገት ሲነሣ ግን ቀዛፊውን ልቡ አልከዳውም።»

«ልቡ አልከዳውም» ሲባል በቀጥተኛ ፍቺው የሄደ ልጅ ስለ ታማኝነት የሚያወራውን ምርጫ ያከብባል። አውዱን ያየ ግን «ማዕበሉ ድንገት ሲነሣ» ከሚለው ፍርሃትን ይይዛል፤ ፍቺው «አልፈራም» ነው። ማረጋገጫው የመረጡትን ፍቺ በሐረጉ ቦታ ተክቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

«አልነቃም» ሰውኛ ዘይቤ ነው። ስሙን መጥራት ብቻውን ግን ትንተና አይሆንም! ሐይቁን የተኛ ሰው በማስመሰሉ ጸጥታው ይሰማናል፣ ማዕበሉም ያስደነግጣል፤ ተማሪው መጻፍ ያለበት ይህን ነው። «ጣና እንደ መስታወት ነው» አነጻጻሪ፣ «ጣና መስታወት ነው» ደግሞ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። እዚህ ላይ «እንደ»ን መፈለግ ይበቃል።

ለቃላት በቀን 5 ይበቃሉ። ተመሳሳዩን ብቻ በሰንጠረዥ መሸምደድ አውዱ ሲቀየር ያሳስታል፤ እያንዳንዱን በራሱ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፣ ከ3 ቀን በኋላ ደብተሩን ዘግቶ እንደገና ይሞክር።