ስታፍ ቫንኮማይሲንን ያሸነፈው ብቻውን አይደለም

«አሞክሳሲሊን እኮ እኔ ላይ አይሠራም፣ ሰውነቴ ለምዶታል» የሚል ሰው አታጡም። ሰውነት አንቲባዮቲክ አይለምድም። የሚለምደው ባክቴሪያው ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ብቻውን ተፍጨርጭሮ ሳይሆን ተሠርቶ ያለቀውን ዘረመል ከጎረቤቱ ተቀብሎ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን ግዛት የሆነውን ልንገራችሁ። በ2002 እዚያ ስኳርም የኩላሊት ችግርም ያለባቸው፣ እጥበት ላይ የነበሩ ታካሚ ላይ ቫንኮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ጨርሶ የማይነካው ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ (ባጭሩ ስታፍ) የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። ቫንኮማይሲን ከ1958 ጀምሮ ያለ፣ ስታፍ ለሌላው መድኃኒት አልበገር ሲል የሚወጣ ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ ስታፍ እንዲህ ሙሉ በሙሉ ተቋቁሞት አያውቅም ነበር። ታዲያ ከየት አመጣው? የታካሚው እግር ቁስል ላይ ኢንትሮኮከስ ፌካሊስ የሚባል የአንጀት ባክቴሪያም ነበር፤ እሱ ደግሞ ቫንኤ የተባለውን የመከላከያ ዘረመል ይዟል።

ዘረመሉ ያለው ከቦታ ቦታ በሚዘል የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ነው። ቁራጩ ፕላስሚድ (ከባክቴሪያው ዋና ዲኤንኤ ተለይቶ የሚኖር ትንሽ ዲኤንኤ) ላይ ተጭኖ ወደ ስታፉ ገባ፣ ከዚያ ዘሎ ስታፉ ራሱ በነበረው ፕላስሚድ ላይ ተሰካ። ሰጪው ደግሞ ምንም አይጎድልበትም፤ ፋይል በፍላሽ እንደ መገልበጥ ነው፣ ኦሪጅናሉ እዚያው ይቀራል። የቫንኤ ሥራ ቀላል ነው፦ ቫንኮማይሲን ባክቴሪያው ግድግዳውን በሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት አላኒን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ነው የሚይዘው፣ ቫንኤ የመጨረሻውን በላክቴት ይቀይረዋል። መድኃኒቱ የሚጨብጠው ያጣል።

እንዲህ ፕላስሚድ ለመቀባበል ሁለቱ ባክቴሪያዎች መነካካት አለባቸው። ፈሳሽ ውስጥ የሚዋኝ ባክቴሪያ ተነካክቶ ይለያያል፤ ባዮፊልም ውስጥ ግን ራሳቸው በሚያመነጩት ሙጫ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ጠዋት ጥርሳችሁ ላይ በምላሳችሁ የምትዳስሱት፣ ውኃ የቆየበት ጄሪካን ጎኑ የሚያዳልጠው፣ ያ ባዮፊልም ነው። ቶሎ የማይድን ቁስል ላይም አብዛኛውን ጊዜ አለ። የሞቱት ባክቴሪያዎች ዲኤንኤም ሙጫው ውስጥ ስለሚቀር አንዳንዶቹ ያንን አንስተው ይጠቀሙበታል። በዚያ ላይ ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ምግብም ኦክስጅንም ስለሚያንስ የታችኞቹ ያንቀላፋሉ፣ ብዙ አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚገድለው በመባዛት ላይ ያለውን ነው። (ነገሩን እንዳላጋንነው፦ ያንቀላፋ ባክቴሪያ ፕላስሚድ ለመቀበልም ሰነፍ ስለሆነ ዝውውሩ ብዙ ጊዜ የሚደራው ላይኛው ንብርብር ላይ ነው።)

በ2004 ኒው ዮርክ ውስጥ የተገኘው ይበልጥ ግልጽ ነበር። ከኩላሊት ሽንት የሚያወጣ ቱቦ ላይ በተሠራ ባዮፊልም ውስጥ ቫንኮማይሲን የማይነካው ስታፍና ቫንኮማይሲን የማይነካው ኢንትሮኮከስ አብረው ተቀምጠው ተገኙ።

ደግነቱ እንዲህ ያለው ስታፍ እስካሁን ከሰው ሰው ሲዛመት አልታየም፤ አሜሪካ ውስጥ የታወቁት ታካሚዎች 20 አይሞሉም። ቢሆንም እኔ ስለ አዲስ መድኃኒት ሲወራ ብዙም አልደነቅም። ባዮፊልሙ ቱቦው ላይ እስካለ ድረስ የዘረመል ገበያው ክፍት ነው። ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ካላችሁ፣ ካቴተር (እንደዚያ ያለ ቱቦ) ከገባለት፣ «ዛሬም ያስፈልገዋል? መቼ ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነርሷ ብትሰለቻችሁም በማግስቱ ድገሙት።