የአዳማ አቧራና የተወለወለ የኮንክሪት ወለል

አዳማ ላይ 60 ካሬ ሜትር የሱቅ ወለል ስሠራ መጀመሪያ የተጠየቅሁት «እንደ ግራናይት ያበራል?» ተብዬ ነው። ያበራል፤ ግን ኮንክሪት ነው። ቀለሙ ቦታ ለቦታ ይለያያል፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፣ የፈሰሰበትን ይጠጣል። ይህን ማሽን ሳይገባ ነው መናገር ያለብን።

ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ስለነበር በየ3 ሜትሩ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ መስመር ቆረጥኩበት፤ መሰንጠቁ ካልቀረ በመስመሩ ይሰንጠቅ ብዬ። ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሼ አቆየሁት። የአዳማ ንፋስ የላዩን ውሃ በሰዓታት ይመጠዋል (የንፋስ ኃይል ማመንጫው እዚህ የተተከለው በከንቱ አይደለም)።

ፍጨታውን ከ28 ቀን በኋላ ጀመርኩ። የመፍጫው ዳይመንድ ቁጥር 40፣ 80፣ 150፣ 200፣ 400፣ 800 እያለ ሄደ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ዳይመንዱ ይልማል። አንድ ቁጥር የዘለለ ሰው የ80ውን ጭረት 800 ላይ ሲደርስ፣ የከሰዓት ፀሐይ በበሩ ሲገባ ያየዋል፤ ያኔ ወደ ኋላ ተመልሶ መፍጨት ነው። ሲሊኬት የሚባለውን ማጠንከሪያ ፈሳሽ ከ200 በኋላ ቀባሁት። ኮንክሪቱ ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተዋህዶ ያጠነክረዋል እንጂ አያበራውም፤ የተረፈው ሳይደርቅ ካልታጠበም ነጭ ሆኖ ይቀራል። 3000 ድረስ ያልሄድኩት ብር ለመቆጠብ አይደለም። መስታወት የሆነ ወለል እያንዳንዷን ጭረት ያሳብቃል።

ወለሉን የሚበላው አቧራ ነው። አሸዋ ከጫማ ሥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ስለዚህ በሩ ላይ ረጅም ምንጣፍ፣ ጠዋትና ማታ ደረቅ የማይክሮፋይበር መወልወያ፤ ውሃ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሲድም አልካሊም ያልሆነ ማጽጃ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይቀጠናል፤ ጨርቁ በደንብ ተጨምቆ ይወለወላል። በረኪና ይቅር። ሰም አልመክርም፤ አቧራ ይይዛል፣ ሲረገጥም ይጠቁራል።

አሲድ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃ፣ አቼቶና ሎሚ ኖራውን ይበሉታል። የቀረው ደብዛዛ ክብ እድፍ አይደለም፣ ስለዚህ ታጥቦ አይለቅም፤ ቦታው እንደገና መፈጨት አለበት። ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይም እርጥብ ቄጠማ አታሳድሩ፣ ቀለሙን ይለቃል። ዘይት ከፈሰሰ ወዲያው በጨርቅ ይመጠጥ እንጂ አይታሽ። ከጠጣው ታልክ ፓውደር በአሴቶን ለቁሶ መለጠፍ፣ በላስቲክ ሸፍኖ ማሳደር፣ ሁለት ሦስቴ መድገም ነው። መስኮት ይከፈት፤ ከሰል አጠገቡ አይኑር። አሴቶኑ ወለሉ ላይ የተቀባውን፣ ፈሳሽ እንዳይሰርግ የሚከላከለውን ቅባትም ስለሚያነሳ ቦታው ዳግም ይቀባል።

ቅባቱ ማለቁን የማውቀው በውሃ ጠብታ ነው። 5 ደቂቃ ሳይሞላ ሰርጎ ከጠቆረ አልቋል። መጀመሪያ የሚያልቀው በሩና ካሸሩ ፊት ነው፤ ሁሉንም ከማደስ እነዚህን ሁለቱን ብቻ መቀባት ይበቃል።