ሰው ወደሌለበት ተራራ

በጥቅምት መጨረሻ ጓዳሉፔ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ነው፤ እኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ባለቤቷና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ። ፓርኩ ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ፣ ከኒው ሜክሲኮ ድንበር ሥር ነው። ዳላስ ለምንኖር ሰዎች «እዚሁ ቴክሳስ» ማለት ግን ያታልላል። ከስምንት ሰዓት በላይ ተነድቶ ነው የሚደረሰው፤ ሰዓቱም እዚያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ለመሆኑ ተራራው ላይ ማን አለ?» ብላ ነው።

«ማንም የለም እማዬ።»

«ታዲያ ማንም ከሌለ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ ልጄ?»

መልስ አጣሁላት። እሷ የደባርቅ ልጅ ናት። በእሷ አገር ገደሉ አፋፍ ድረስ ገብስ ይዘራል፤ ገብስ ካለ እረኛ አለ፣ እረኛ ካለ ቤት አለ፣ ቤት ካለ «እረፉ፣ ውኃ ቅመሱ» የሚል አይጠፋም። ሰሜን ተራሮችን የሚጎበኝ ቱሪስት እንኳ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይከተለዋል፣ ጓዙንም በቅሎ ትሸከምለታለች። ጓዳሉፔ ላይ ስካውቱም በቅሎውም እኛው ነን። ለዚህ ነው ዕቅዳችን ሁሉ ዞሮ ዞሮ ውኃ ላይ የሚያርፈው።

ፓርኩ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ውኃ ያዙ ይላል፤ 3.8 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ፓይን ስፕሪንግስ የሚባለው ድንኳን መትከያ ላይ ቧንቧ አለ። ከዚያ ወደ ላይ ግን ጠብታ የለም። የአክስቴ ልጅ ባል ከተራራው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ማደሪያ ላይ እንደር ብሎ ሙጭጭ አለ፤ የፀሐይ መውጫው ሊያመልጠው አልፈለገም። እኔ ደግሞ የሁለት ቀን ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞላሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የአፓርትመንታችንን ደረጃ ወጣሁ ወረድኩ። ማንገቻው ትከሻዬ ላይ ሰንበር አወጣብኝ፤ ውኃው ከጀርባዬ እየተንቦጫረቀ ወዲያና ወዲህ ይወዘውዘኝ ነበር። ድንኳኑና ስሊፒንግ ባጉ ገና አልተጨመሩም። ቦርሳውን አውርጄ ለእሱ አሸከምኩት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ «እሺ፣ ታች እንደር» አለ። ስለዚህ ፓይን ስፕሪንግስ አድረን፣ ጓዳሉፔ ጫፍን በማግስቱ ደርሶ መልስ እንወጣዋለን፤ 13.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሽቅቡ ከ900 ሜትር በላይ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት።

ከፍታው 2,667 ሜትር ነው፤ በቴክሳስ የመጨረሻው ከፍተኛ ቦታ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑን ስናገር የሥራ ባልደረባዬ (አሜሪካዊት ናት) አላመነችኝም። ቢሆንም ጉራዬን ቀነስ ማድረግ አለብኝ፤ ዳላስ ሜዳ ላይ ስኖር ሳንባዬ አዲስ አበባን ረስቷል። ጫፉ ላይ አንድ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1958 ያቆመው የብረት ፒራሚድ አለ አሉ፤ በዚያ በኩል ያልፍ ለነበረው የፖስታ ሠረገላ መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ የአየር መንገድ ሐውልት!

ትልቁ ጭቅጭቅ የቡናው ነው። ፓርኩ ውስጥ እንጨትም ከሰልም ማንደድ ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው የጋዝ ምድጃ ብቻ። ዕጣኑም ቀረ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ቡናውን ቤት ቆልታና ፈጭታ፣ ጀበናዋን በጋቢ ጠቅልላ ልትወስድ ቆርጣለች። እዚያ ያለው ነፋስ ድንኳን ይነቅላል ይባላል፣ ትንሽ የጋዝ እሳት የሸክላ ጀበና እስኪያፈላ ስንት ቆርቆሮ ጋዝ እንደሚፈጅ እንጃ። በምግቡ ግን ተስማምተናል፦ በማር የተለወሰ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ። ብርዱ ስለማይቀር በጥቅምት አንድ አጥንትም ተብሏል፤ ማታ ማታ ቋንጣ ፍርፍር አለ። ነቢያት ሳይገባ መሄዳችን በጀን።

መንገዱን የነገሩን በማኅበራችን ያሉ አንድ ጋሼ ናቸው፤ ጭነት መኪና ሲነዱ ኤል ፓሶን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። «በፔኮስ አትሂዱ፣ የነዳጅ ዘይት ቦቴ ይበዛበታል። ቫን ሆርን ላይ ሙሉና ወደ ሰሜን ታጠፉ፤ ከዚያ ወዲያ ማደያ የለም» አሉን። ከተራራው በስተ ምዕራብ ነጭ የጨው ሜዳ እንዳለም የነገሩን እሳቸው ናቸው። እኔ ወዲያው አፋር ትዝ አለኝ። ሳነብ እ.ኤ.አ. በ1877 ሰው ተገዳድሎበታል፤ የሪዮ ግራንዴ ዳር ነዋሪዎች በነፃ ሲዝቁት የኖሩትን ጨው ሌላ ሰው የግል ንብረቴ ነው አለ። አሞሌን እንደ ገንዘብ ለተገበያየ አገር ልጅ ይህ የሚገርም አይደለም፣ ግን ቆመን እንድናየው ጠይቄያለሁ።

እሑድ ጠዋት ማክኪትሪክ ሸለቆ እንገባለን። ምድረ በዳ መሐል ጅረት አለ፣ የሜፕል ዛፎቹም በዚያ ሰሞን ቅጠላቸው ይቀላል። መሬቱን ከሰጡት አንዱ ዋላስ ፕራት የሚባል የነዳጅ ጂኦሎጂስት ነበር፤ የሠራው የድንጋይ ቤት አሁንም ቆሟል። እዚያ ማደር አይፈቀድም፤ እኛም እስከ ምሳ ሰዓት መውጣት አለብን። የአክስቴ ልጅ ሰኞ ሥራ ገቢ ናት።