ከአባቴ ዕድሜ የጎደሉትን ዓመታት መንዝ ሄጄ ጠየቅሁ

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አሜሪካ ነው። አባቴ የመንዝ ሰው ነው። ስለ አገሩ ማውራት ይወዳል። የጓሳን ውርጭ፣ ሌሊት የሚለበሰውን ባና፣ የገብሱን ጠላ፣ እረኛ ሳለ የጠፋችበትን በግ ሳይቀር ነግሮናል። ከዚያ ወሬው ይዘልና ሱዳን ይገባል። በመሃል ስላለው ጊዜ ስንጠይቀው «ሥራ ላይ ነበርኩ» ይላል። እናቴም «ተዉት፣ አታስጨንቁት» ትለናለች። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

መጀመሪያ ያደረግሁት፣ ከእሱ አፍ የወጡትን ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወረቀት ላይ በተርታ መጻፍ ነው። ከመንዝ የወጣው በ1969 ነው። ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ የደረሰው በ1983። እንዲህ ሲደረደሩ ዓመቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ደርግ የእናት አገር ጥሪ ብሎ ገበሬውን ከየገበሬ ማኅበሩ የሰበሰበውና ታጠቅ ጦር ሰፈር ያሠለጠነው በ1969 ነው። ሠራዊቱ የተበተነው ደግሞ በግንቦት 1983። ስለዚህ «ጦርነት ላይ ነበርክ ወይ?» ማለቱን ተውኩት። «ታጠቅ ስትገቡ ከሰፈር እነማን አብረውህ ነበሩ?» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። «አክስትሽ አለች፤ እሷን ጠይቂያት» አለኝ። ለእኔ ይሄ ፈቃድ ነበር።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ይታጠፍና በመዘዞ አድርጎ የመንዟ መሐል ሜዳ ይገባል። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ ነበር። እኔ የሄድኩት ከዚያ በኋላ፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ነው። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ስለ ድሮ ጦርነት የምትጠይቁት ሰው ቤት ትኩስ ሐዘን ሊኖር ይችላል። እኔ ማንም ቤት ከመግባቴ በፊት አክስቴን እጠይቃት ነበር። «እዚያ ቤት አሁን አይኬድም» ካለችኝ አልሄድም።

የደረስኩ ዕለት ስለ ጦርነት አንድም ቃል አላነሳሁም። ቡና ተፈላ፣ ዘመድ ተጠራ፣ የማን ልጅ ማን እንደሆነ ተቆጠረ። በማግስቱ ማታ አክስቴ ራሷ ሳጥኗን ከፈተች። በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶ አወጣች። ካኪ የለበሰ፣ ጉንጩ የገባ ልጅ። ጀርባው ላይ «ለውድ እናቴ ማስታወሻ ትሁንልኝ፤ ሐረር፣ 1970» ይላል። የመጀመሪያዋ «ለ» ወደ ጎን አዘንብላለች። አባቴ ዛሬም የአስቤዛ ዝርዝር ሲጽፍ «ለ»ን እንደዚያው ነው የሚጥላት።

«ተዝካሩን በልተናል እኮ፣ የወንድሜ ልጅ» አለችኝ።

የአባቴ ደብዳቤ ቆመ። ከዚያ ሞቷል ተብሎ መርዶ ተነገረ። አስከሬን የለም፤ በልብሱና በዚህ ፎቶ ተለቀሰ። አያቴ ከነሐዘኗ አረፈች። ከሱዳን «አለሁ» የሚል ደብዳቤ የመጣው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው።

አክስቴ ዓመተ ምሕረት አትጠራም። «መሬት የተደለደለ ጊዜ»፣ «በድርቁ» ነው የምትለው። መሬት ላራሹ 1967 ነው፣ ድርቁ 1977። የሰማሁትን ሁሉ በነዚህ መሃል እያስገባሁ አስተካከልኩ። ሽማግሌን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ ማፋጠጥ አይጠቅምም። «ከድርቁ በፊት ነው በኋላ?» ይሻላል።

ከአባቴ ጋር የዘመቱ አንድ ጎረቤት አሉ። አሁንም እግራቸውን ይጎትታሉ። «ሦስት ሆነን ነው የወጣነው» አሉኝ። በየካቲት 1970 ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር ነጻ ስትወጣ ካራማራ ላይ አብረው ነበሩ። እሳቸው ቆስለው ወደ ቤት ተመለሱ። አባቴና ሦስተኛው ልጅ ወደ ሰሜን ተወሰዱ። ያ ልጅ አልተመለሰም።

መምጣቴን የሰሙት የዚያ ልጅ እህት በጠዋት መጡ። ቡናም አልጠጡ። «አባትሽ ያውቃል። የት እንደወደቀ ብቻ ይንገረኝ» አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት አባቴን የምፈልገው ለራሴ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ይዤ የምመለሰው የሰው አደራ ሆነ።

ቤት ስመለስ አባቴን ስለ ራሱ አልጠየቅሁትም። የሴትየዋን መልእክት ነገርኩት፤ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ያን ጊዜ ተናገረ። ኤርትራ፣ ናቅፋ ግንባር፤ በ1974 ደርግ በሻዕቢያ ላይ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ። «በድንጋይ ከለልነው። ቄስ አልነበረም። ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ነበር፤ እሱ ደገመለት» አለ። ከ1983 በኋላ «የደርግ ወታደር» መባል ስድብ ነበር፤ ዝምታው በከፊል ከዚያ ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው። «እኔ ተርፌ እናቱ ፊት በየትኛው ዓይኔ ልቁም?» አለኝ።

ስልኩን ደውዬ ሰጠሁት። መርዶውን ለእህቲቱ ራሱ ነገራቸው። እሳቸውም አለቀሱ፣ መረቁት፤ ፍትሐት እንደሚያስደርጉም ነገሩት።

ድምፁን ልቅዳ ስለው ፈቀደ። የሟቹ ስም ግን ከሁለቱ ቤተሰብ እንዳይወጣ አለ። እዚህም ስም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ሕያው የሆነውን ብቻ አይደለም፤ የሟች ዘመድም ይጠየቃል።

ውዳሴ ማርያም የደገመው ልጅ የመርሐቤቴ ሰው ነበር። አባቴ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የሰፈሩን ደብር ያስታውሳል። ዓለም ከተማ ዘመድ ያላቸውን ሰዎች መጠየቅ ጀምረናል። አሁን በየምሽቱ «ማን መለሰልሽ?» እያለ የሚወተውተኝ እሱ ነው።