የአሉሚኒየም ኮፈን ስሠራ የተማርኩት

ጎንደር ውስጥ የላሜራ ሥራ እሠራለሁ። የመጀመሪያውን የአሉሚኒየም ኮፈን፣ ማለትም የመኪና ሞተር ክዳን፣ የሠራሁት ከአዘዞ ዕቃ ለምታመላልስ አሮጌ ፒክአፕ ነው። የድሮውን ዝገት በልቶት ነበር። ባለቤቱ «ቀለል ያለ ሥራልኝ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብረት 7.85 ግራም፣ አሉሚኒየም ደግሞ 2.7 ግራም ይመዝናል። ይህን ይዤ የድሮውን 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ሳልቀይር በአሉሚኒየም ተካሁት። መሃሉን በመዳፌ ስጫነው ሰመጠ፤ ስለቀው «ጧ» ብሎ ተመለሰ። መንገድ ላይማ እንደ ድንኳን ሸራ ተርገበገበ። ይቅርታ ጠይቄ አወረድኩት።

የሳትኩት ነገር ግትርነትን ነው። አሉሚኒየም ሳይለመጥ የመቆም አቅሙ የብረት አንድ ሦስተኛ ነው። የላሜራ ግትርነት ግን ከውፍረቱ ጋር በፍጥነት ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከ0.8 ብረት ጋር የሚስተካከለው 1.15 ሚሊሜትር ግድም የሆነ አሉሚኒየም ነው። 1.2 መረጥኩ። የኮፈኑ የላይ ገጽ 1.3 ካሬ ሜትር ነው፤ በብረት 8.2 ኪሎ የሚሆነው በአሉሚኒየም 4.2 ኪሎ ሆነ። ከዚያ በላይ ጠብቄ ነበር፤ ግማሹም ግን በየቀኑ ኮፈን ለሚያነሳ ክንድ ትልቅ እረፍት ነው።

ጠርዙን ሳጥፍ ሌላ ትምህርት መጣ። መስመሩን እንደ ብረት በሹል ነገር ጭሬ ስለነበር ላሜራው በዚያው ጭረት ተሰነጠቀ። አሁን በማርከር አሰምራለሁ፤ የሚታጠፈውንም ሳሙና ቀብቼ አሞቀዋለሁ። ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን አነሳለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ሳይታወቅ ይቀልጣል፣ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅምና።

ማጠፊያውና መቆለፊያው የሚያርፉበትን አጽም ብረት አድርጌ ተውኩት፤ ጭነቱ ያለው እዚያ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥና ብረት ወደ 1500 ስለሚፈልግ ሁለቱን በተለመደው ብየዳ ማያያዝ አይቻልም፤ በሪቬት፣ ማለትም ሁለቱን በስቶ በሚይዝ ባለ ጭንቅላት ሚስማር፣ ያዝኳቸው። ክረምቱ ሲገባ በሪቬቶቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ቀለሙን እየገፋ ወጣ። ሁለቱ በዝናብ ውኃ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ሁሉንም ፈታሁት። ሁለቱንም ገጽ ፀረ ዝገት ቀባሁ፣ በመሃላቸው ማሸጊያ አነጠፍኩ፣ እያንዳንዱንም ሪቬት እዚያው ማሸጊያ ውስጥ እየነከርኩ መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ፓራፋንጎም (የጎማ መከለያ) በአሉሚኒየም ሠርቻለሁ። በር ግን በእጄ ባለው መሣሪያ አልሠራም፤ ከጎን ግጭት ሲመጣ ሰውን የሚጠብቀው በሩ ነው።