ሞንዛ፣ ከአልቤርቶ አስካሪ መታጠፊያ አጠገብ

ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ከሚላኖ በባቡር ወደ ሞንዛ ሄጄ፣ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳውን በውስጡ ያቀፈውን ሰፊ መናፈሻ በእግሬ ስዞር ዋልኩ። የሳበኝ በአልቤርቶ አስካሪ ስም የሚጠራው መታጠፊያ ነው።

አስካሪ በ1952 እና በ1953 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፌራሪ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የሚላኖ ልጅ ነው። አባቱ አንቶኒዮም የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፤ ሐምሌ 26 ቀን 1925 ፈረንሳይ ውስጥ ሞንትሌሪ ላይ በውድድር ሲሞት፣ አልቤርቶ ሰባት ዓመት ከሞላው ገና ሁለት ሳምንት አልሆነውም ነበር።

ግንቦት 22 ቀን 1955 ሞናኮ ላይ ከነላንቺያ መኪናው ባሕር ውስጥ ገብቶ፣ ዋኝቶ ወጣ። በአራተኛው ቀን፣ ጓደኛው ካስቴሎቲ አዲስ ፌራሪ ሲሞክር ለማየት እዚህ ሞንዛ መጣና፣ በተራ ልብሱ፣ በተውሶ ሄልሜት ጥቂት ዙር ልንዳ ብሎ ገባ። ጥቁር ድመት የሚሸሽ፣ ሰማያዊ ሄልሜቱንም ማንም እንዲነካበት የማይፈልግ ሰው ይህን ማድረጉ እስካሁን ይገርመኛል። በሦስተኛው ዙር መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ዕድሜው እንደ አባቱ 36 ነበር፤ ቀኑም 26።

እኔ በገድ አላምንም፤ ሆኖም አጥሩን ይዤ አስፋልቱ ላይ የቀረውን ጥቁር የጎማ ዱካ እያየሁ ብዙ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸውን አቁመው በዝምታ አጠገቤ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉና ሄዱ።